የጌታቸው መኩሪያ ሽለላና የእኔ ሰንካላ ስንኞች

ባለፈው የምሩቃን ምሽት የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከእራት በፊት አንድ ወጣት መምህር ከሦስት ሙዚቀኞች ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ግጥም አነበበ። ጊታሩ ትንሽ ጮኸ እንጂ ግጥሙስ ጥሩ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ማይኩን ሳይመልስ ስለ «ግጥም በጃዝ» አመጣጥ አጭር ማብራሪያ ሰጠን፤ ነገሩ አሜሪካ ተጀምሮ፣ እኛ ዘንድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በራስ ሆቴሉ ወርኃዊ ምሽት እንደታወቀ ነገረን። እኔ እጄን አወጣሁ። «አንድ ነገር ብጨምር፤ ጌታቸው መኩሪያ…» ከማለቴ «ምግብ ቀርቧል» ተባለና አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ዶሮ ወጥ ከቀረበ በኋላ ስለ ሳክስፎን ማን ይሰማል? አልፈርድባችሁም፤ እኔም ሳህን ይዤ ተሰልፌያለሁ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «የባችህን ትዝታ ጻፍልን» ሲሉኝ ግን ያቺ ያልጨረስኳት ዓረፍተ ነገር መጣችብኝ። የባቼ ሰዎች ይቅር በሉኝ፤ የምጽፈው ስለ አንድ ሙዚቀኛ ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ግን እመለሳለሁ።

ከሁሉ በፊት መምህሩ እንዳልተሳሳተ ልናገር። ጥቁር አሜሪካዊው ባለቅኔ ላንግስተን ሂዩዝ ከወጣትነቱ ጀምሮ የብሉዝን ዜማ በስንኙ ውስጥ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ከባሱ ሊቅ ከቻርልስ ሚንገስና ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ግጥሞቹን እያነበበ ሸክላ አስቀርጿል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሳን ፍራንሲስኮ እነ ኬኔት ሬክስሮትና ሎውረንስ ፈርሊንጌቲ «ዘ ሴላር» በሚባል ክበብ ውስጥ ከጃዝ ባንድ ጋር ያነቡ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ አሠራሩ ይመሳሰላል፤ ባለቅኔው ቃሉን ይናገራል፣ ሙዚቀኛው ከሥሩ ወይም ከጎኑ ይጫወታል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሥራ። አንዳንዴ ይገጥማል። አንዳንዴ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ባንዱ ግጥሙን ይውጠዋል፤ ወይም ባለቅኔው ባንዱን ረስቶ ብቻውን ይነጉዳል።

ሌላም መንገድ አለ። ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1964 «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የተባለውን ሥራውን ሲቀርጽ፣ የመጨረሻውን ክፍል የተጫወተው ራሱ የጻፈውን የጸሎት ግጥም እየተከተለ ነው። ግጥሙ ከሸክላው ልባስ ላይ ታትሟል። ወረቀቱን ይዞ ሳክስፎኑን የሚያዳምጥ ሰው ቃሉን ቀለም በቀለም እየተከተለ ሊሄድ ይችላል፤ ከአፍ የወጣ ቃል ግን አንድም የለም። እዚህ ባለቅኔውና ሙዚቀኛው አንድ ሰው ናቸው፣ ግጥሙም ሳክስፎኑ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የጃዝ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ታላቅ ነገር ይቆጥሩታል፤ ነውም።

እኔ ያን ምሽት ልናገር የነበረው ይህ ሁለተኛው መንገድ እኛ ዘንድ ከዚያ ቀደም ብሎ የተጀመረ መሆኑን ነው። የጀመረውም የዚህች ዓይነት ንድፈ ሐሳብ ወሬ ጆሮው የደረሰ ሰው አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ልጅ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ በመጋቢት 1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለደ። (በዕድሜ ከአባቴ እኩያ ነው፤ ሙዚቀኛን አንቱ ማለት ግን አንደበቴ እምቢ ይለኛል፣ በአክብሮት ማነስ አትዩብኝ።) ዓመቱን ልብ በሉት፤ ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። በዚያ ዘመን ሸዋ ውስጥ ነፍስ ላወቀ ልጅ ሽለላና ፉከራ በበዓል ቀን የሚታይ ትርኢት አልነበረም። እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ጠመንጃ ይዞ፣ እውነት ሊሞት ሲነሣ የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

ጌታቸው መጀመሪያ የያዘው ክራርና ማሲንቆ ነው። ይህን የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሁሉ በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ቁልፉ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ጣት የሚያርፍበት የተወሰነ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል። አዝማሪ ሲጫወት አድምጣችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ስንኙን ይልና አፉን ይዘጋል፣ ያንኑ ስንኝ ማሲንቆው ይደግመዋል። ቃሉን የሰማነው ስለሆነ ክሩ «የተናገረ» ይመስለናል። መሣሪያ ስንኝ እንዲናገር ማድረግ ለጌታቸው ከውጭ የመጣ ግኝት አልነበረም ማለት ነው፤ የልጅነት ትምህርቱ ነበር።

ከዚያ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ፤ በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። ያ ባንድ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ ማለትም «አርባ ልጆች»፣ ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ የናስ መሣሪያ በከተማው ሥር ሰደደ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መራ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ) በ1948 ዓ.ም. ለኢዮቤልዩው ሲከፈትም ሙዚቃው በእሱ እጅ ነበር። ጌታቸውም ወደዚያው ቴአትር ኦርኬስትራ ተዛወረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ።

እንግዲህ ሥራውን አስቡት። ኖታ ተዘርግቶ፣ ልኩ ተቆጥሮ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት እየተባለ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጀመረ በአንድ ጊዜ የሚያቆምበት ሥራ ነው። ሳክስፎን በዚያ ውስጥ የተሰጠው ቦታ ከረድፉ አንዱ መሆን ነው። ሽለላ ደግሞ ከዚህ ጋር ጭራሽ አይስማማም። ልክ የለውም፤ ማለቴ ልኩ የባለቤቱ ትንፋሽ ነው።

ሽለላ፣ ቀረርቶ፣ ፉከራ እያልን ስሞቹን እናቀያይራቸዋለን፤ ከአገር አገርም ይለያያል። እኔ በሰማሁበት አገር ቀረርቶ የሚጎተተው ነው፤ አንድ ቀለም ላይ ቆሞ ድምፁን እስኪንቀጠቀጥ መሳብ። ሽለላ ተቀባይ ያለው፣ ሰውን የሚያነሣሣው ዜማ ነው። ፉከራ ደግሞ ዘራፍ ብሎ ተነሥቶ፣ ራስን፣ አባትን፣ ፈረስን ጠርቶ፣ ግዳይ ቆጥሮ፣ በንግግር ድምፅ እንደ ዶፍ የሚወርደው ነው። ሦስቱም ግጥም ናቸው፣ ቤት ይመታሉ። ሦስቱም ያለ ድምፅ ግማሽ ናቸው።

ጌታቸው ያደረገው እነዚህን ሦስቱን ቴነር ሳክስፎን ውስጥ ማስገባት ነው። በመሣሪያ ብቻ ሽለላን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው፤ በ1960ዎቹም በፊሊፕስ ማኅተም አንድ ሙሉ ሸክላ አውጥቷል። ስታዳምጡት መጀመሪያ በወፍራሙ ድምፅ እንደማጉረምረም ይላል፤ ሰውየው ገና ተቀምጧል፣ ነገር ግን ደሙ ፈልቷል። ከዚያ አንድ ድምፅ ይይዝና ያንቀጠቅጠዋል፣ ያ ቀረርቶ ነው። ቀጥሎ ጣቶቹ ይፈታሉ፤ ድምፆቹ እየተደራረቡ፣ እየተቆራረጡ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይወርዳሉ። ከዚያ ዝምታ። ፎካሪው ሦስት እርምጃ ተራምዶ የሚዞርበት ዝምታ ነው። ከዚያ እንደገና። ባንዱ ከኋላው ምት ቢይዝም እሱ የሚገባው በምቱ ላይ አይደለም፤ ስንኙ ሲደርስ ነው።

መድረክ ላይ ለምድ ደርቦ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። ይህን አንዳንዶች እንደ ማስታወቂያ ያዩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ለምድና ጎፈር ፉከራን የሚናገር ሰው ልብስ ነው፤ ጌታቸውም በሳክስፎን ፉከራ «መሰል ነገር» ሳይሆን ራሱን ፉከራን የሚናገር ሰው መሆኑን እየነገረን ነበር። እኛ ግን የሰማነው ጩኸቱን ነው።

በውጭ አገር የሰሙት ደግሞ ሌላ ነገር ሰሙ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ውስጥ 14ኛውን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2003 ለጌታቸው ሲሰጥ፣ የጃዝ ሰዎች ወዲያው ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን ጠሩ፤ ከሕግ የወጣ፣ የሚጮህ፣ የሚያለቅስ ሳክስፎን ስለሰሙ። ንጽጽሩ ለማክበር ነው፣ ይገባኛል። ኮልማን የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን አይለር ደግሞ በ1960ዎቹ ነው፤ ጌታቸው በዚያን ጊዜ ከባንድ ወደ ባንድ ሲዘዋወር የቆየ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን እኔን የሚያሳስበኝ ማን ቀደመ የሚለው አይደለም። እነ አይለር ከሕግ ለመውጣት ይጫወቱ ነበር። ጌታቸው ከሕግ አልወጣም። የሚከተለው ሕግ የግጥም ሕግ ስለሆነ ነው ለሙዚቃ ሰው ያልታየው። ለግጥም ሰውስ ታይቶታል ወይ? እዚህ ላይ ነው ስድስት ኪሎ የምትመጣው።

በ1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነበርኩ፣ አራተኛ ዓመት። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ የይፋት ፉከራ ግጥሞች ነበር። ለምን መረጥከው ብትሉኝ፣ ቀላል ስለመሰለኝ ነው፤ የእናቴ ወንድም አርበኛ ነበሩ፣ የሚኖሩትም ከሸዋ ሮቢት በላይ ነው። ቴፕ ተውሼ፣ አንድ የ60 ደቂቃ ቲዲኬ ካሴት ገዝቼ፣ በአውቶቡስ ጣሊያን በሠራው በጣርማ በር ዋሻ አልፌ ጣሊያንን የተዋጉትን ሰውዬ ልቀርጽ ሄድኩ።

ማታ ነው የቀረጽኳቸው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። መጀመሪያ «ምኑን እላለሁ፣ እርጅና ነው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን እንደ ለምድ ወደ ኋላ ጣሉት፣ ከዘራቸውን እንደ ጦር ያዙና ተነሡ። ከእሳቱ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እርምጃ ይሄዱና ይዞራሉ፣ ይሉና ያቆማሉ። አንዳንዱ ቀለም ላይ ድምፃቸውን እንደ ገመድ ይስቡታል፤ ጥጋቸው የተቀመጡት ሴቶች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔ ቴፑ አልበቃ ብሎኝ በደብተርም እከትብ ነበር። አንድ ጊዜ ዞር ሲሉ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ምን ትጽፋለህ? ስማ እንጂ!» አሉኝ። ይቺ ቃል ካሴቱ ላይ ነበረች።

ልንገራችሁ፣ መስማት አልፈልግም ነበር። ታላቅ ወንድሜ በ1969 ዓ.ም. ከታጠቅ ጦር ሰፈር ወደ ምሥራቅ ከዘመቱት አንዱ ነው፤ አልተመለሰም። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ዓመት ሬዲዮው ሌት ተቀን ሽለላ ነበር። እናቴ ሬዲዮውን አትዘጋውም፣ ስሙን የሚጠሩ ይመስል ቁጭ ብላ ትሰማለች። ከዚያ ወዲህ ቀረርቶ ስሰማ ሆዴ ይገለበጣል። ስለዚህ የአጎቴን ፉከራ ወረቀት ላይ ቃል አድርጌ ሳወርደው ዕፎይ አልኩ። ወረቀት አይጮህም።

84 ስንኝ ሆነ። ዶርም ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀለም ቆጠርኩ። ማታ ማታ ከአንበሳ ግቢ አንበሶቹ ሲያገሱ ይሰማን ነበር፤ የእኛ ዘመን ሰዎች አትረሱትም፣ አዲስ ገቢው ሲደነግጥ እንስቅ ነበር። ከ84ቱ 73ቱ ቀጥ ያሉ የወል ቤት ሆኑልኝ፣ ስድስት ቀለም ሲደመር ስድስት። 11ዱ እምቢ አሉ። አንዱ ዘጠኝ፣ ሌላው አሥር፣ አንዱ እንዲያውም ሰባት ቀለም ብቻ። እኔም ለነዚህ «ሰንካላ ስንኞች» የሚል ንዑስ ርዕስ ሰጠሁና ምክንያቱን ጻፍኩ፦ የመረጃ አቀባዩ ዕድሜ መግፋትና የማስታወስ ድክመት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዛሬም በቃሌ አውቃታለሁ። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። ጽሑፉ ታይፕ ተደርጎ፣ ተጠርዞ ገባ።

ካሴቱን በዚያው ክረምት የጥላሁንን ዘፈን ቀዳሁበት። ካሴት ውድ ነበር። ይህ ሰበብ መሆኑን አሁን አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ጥፋቱን በዘመኔ ላይ ማላከክ አልችልም። ግቢያችን ግጥምና ሙዚቃን አገናኝቶ ያውቃል። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከየብሔረሰቡ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንት ተጫዋቾችን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። በ1950ዎቹ የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ሲነበቡ አዳራሹ ይሞላ የነበረው ለወረቀቱ ሳይሆን ለድምፁ ነው። እነዚያን ግጥሞች ዛሬ ታትመው እናነባቸዋለን፤ የት ላይ እንደተነፈሱ፣ የት ላይ ሕዝቡ እንዳቋረጣቸው ግን ወረቀቱ አይነግረንም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ቀለም ስቆጥር የከረምኩት።

አጎቴ በ1984 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች፤ ለአንባቢ የሚሆን ነገር የለውም። በ1996 ዓ.ም. ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የባቼ ልጅ ለእረፍት መጥቶ የጌታቸውን ሲዲ ሰጠኝ። «ፈረንጅ አብዷል በዚህ ሰው» አለኝ። ጌታቸውን በስም አውቀዋለሁ፣ በቴሌቪዥንም ከነጎፈሩ አይቼዋለሁ። አዳምጬው ግን አላውቅም። መኪና ውስጥ ከፈትኩት። ከመገናኛ ወደ ስድስት ኪሎ እየሄድኩ ነበር፤ እንግሊዝ ኤምባሲ አካባቢ ስደርስ መኪናዋን አቆምኩ።

ምን ሰማሁ? ስድስት ቀለም የሚያህል ሐረግ ነፋ፣ ቆመ፤ ስድስት ቀለም የሚያህል ነፋ፣ ቤት መታ። ቃል የለም፣ ግን ቤት ይመታል! ሐረጉ የሚያርፍበት ድምፅ ሲመለስ ጆሮ ያውቀዋል። ሦስተኛው ላይ ሐረጉ አጠረ። ሦስት ድምፅ ብቻ ነፋና አራተኛውን ያዘው፣ ሳበው፣ አንቀጠቀጠው፤ ትንፋሹ አልቆ ሲለቀው የስንኙ ቦታ ሞልቷል። አልጎደለም። ጎደለ ያልኩት እኔ ነኝ። የአጎቴ ሰባት ቀለም ያላት ስንኝ መጣችብኝ፤ የትኛው ቀለም ላይ ቆመው እንደሳቡት፣ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን የያዙበት ቦታ፣ በሩ ጋ ደርሰው የዞሩበት። ሰውየው አልረሱም ነበር። ቦታውን በድምፅ ነው የሞሉት። እኔ ድምፁን አውጥቼ ጣልኩና ጉድጓዱን «የማስታወስ ድክመት» አልኩት።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፣ እሱን ለማስረዳት ይከብደኛል። የሬዲዮው ሽለላ ቃል ነበረው፤ ጠላት ይጠራል፣ ግባ በለው ይላል። የጌታቸው የለውም። ቃሉ ሲወጣ ማንን እንደምትገድል የሚነግርህ ወጣ። የቀረው ሰው ሊሄድ ሲል የሚሆነው ነው። ወንድሜ የሄደ ጊዜ በር ላይ ቆሞ ሊናገር ፈልጎ ያልተናገረው ነገር ነበር። የዚያን ቀን መኪና ውስጥ ሆዴ አልተገለበጠም።

ጌታቸው ከዚያ በኋላ ያገኘው ዘመን ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለው ነው። ሰባ ሊሞላው ሲል፣ አብዛኛው ሰው ጡረታውን ቆጥሮ በሚቀመጥበት ዕድሜ፣ አዲስ ሥራ ጀመረ። የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት አብሯቸው መድረክ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የኔዘርላንድ ፓንክ ሙዚቀኞች ለ25ኛ ዓመታቸው አምስተርዳም ጋበዙት። ፓንክ ማለት ሦስት ጊታር እንደ ብረታ ብረት ሱቅ የሚንኳኳበት ሙዚቃ ነው። ሰው «ሽማግሌውን ምን ሊያደርጉት ነው?» ሳይል አልቀረም። እሱ ግን አብረውት ሸክላ እንዲሠሩ ፈለገ፤ «ሞዓ አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፣ ከስድስት ዓመት በኋላም «የአንበሳው ትዝታ»። እ.ኤ.አ. በ2008 ክረምት ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ከእኛም ሰዎች ብዙ የተገኘ ነበር፤ የባቼ ልጅ ከቨርጂኒያ በሌሊት ነድቶ ሄዶ፣ በስልክ ውስጥ ድምፁን ሊያሰማኝ ሞከረ። ከጩኸት በቀር ምንም አልሰማሁም። ቢሆንም አልዘጋሁም።

ፓንኮቹ ለምን ተስማሙት? እንደሚመስለኝ አጃቢ ባንድ መሆን ስላልሞከሩ ነው። ተቀባይ ነው የሆኑለት። ፎካሪ ሲፎክር ክቡ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ምቱን አጥብቀው ይዘው፣ እሱ ሲያቆም ይጮኻሉ፣ ሲነሣ ዝቅ ይላሉ። የሠለጠነ ባንድ ቢሆን ኖሮ ልኩ ውስጥ ሊያስገቡት ይደክሙ ነበር። ወጣቱ መምህራችን ይህን ካነበብክ፣ ለጊታር ተጫዋችህ ንገረው፤ ጩኸቱ አይደለም ጥፋቱ፣ አንተ ስትተነፍስ መጮኹ እንጂ።

ጌታቸውን በአካል ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በ2000ዎቹ። ተጫውቶ ሲጨርስ ሰው ከበበው። የምጠይቀው ጥያቄ ነበረኝ፤ ስትነፋ ቃሉን በልብህ ትላለህ ወይ? የትኛውን ስንኝ? ግን ከጀርባ ቆሜ ጎፈሩን አውልቆ ላቡን ሲጠርግ አየሁና ሌላ ጊዜ አልኩ። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ አረፈ።

ባለፈው ጥቅምት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ጽሑፌን አስወጣሁት። ጥራዙ ቢጫ ሆኗል፣ ካርዱ ላይ የፈረሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሰንካላ ስንኞቹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ቤቴ ወሰድኳቸው፤ ማታ ማታ የጌታቸውን ሲዲ እየከፈትኩ፣ አጎቴ የት የት ላይ እንደሳቡ በእርሳስ ምልክት ለማድረግ ሞከርኩ። ከ11ዱ አራቱን እርግጠኛ ነኝ። በሁለቱ እጠራጠራለሁ። የቀሩትን አምስቱን አላውቅም፣ የሚያውቅም ሰው የለም።

የእኛ ትምህርት ክፍል ምሩቃን ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ቴፕ ይዛችሁ አገር ቤት ወርዳችኋል። የለቅሶ ሙሾ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የእረኛ ጨዋታ ቀርጻችሁ፣ ቃሉን ብቻ ገልብጣችሁ አስገብታችኋል። ካሴቶቹ ምናልባት ዛሬም በየቤታችሁ በካርቶን ውስጥ ይኖራሉ። ማጫወቻ የለም ብላችሁ አትጣሉ፣ ልጆችም እንዲጫወቱበት አትስጡ። ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ለትምህርት ክፍሉ ወጣት መምህራን አምጡላቸው፤ ያን ምሽት ግጥም ላነበበው ልጅ ቢሆን እንኳ በደስታ ይቀበላችኋል፣ ጠይቄዋለሁ።

የእኔም አለ። የቀዳሁበትን ባለፈው ሳምንት አጫወትኩት፤ ጥላሁን ጥርት ብሎ ይሰማል። ዘፈኑ አልቆ ክሩ እስኪቆም ጠበቅኩ፣ ምናልባት ጫፉ ላይ ያልጠፋ ነገር ቢኖር ብዬ። ወደ አርባ ሰከንድ ያህል ሹክሹክታ የመሰለ የቴፕ ድምፅ አለ፣ ከዚያ ጠቅ ብሎ ይቆማል።